የጥልቅ ባሕር ፍልውሃዎች፦ ብርሃን በማይደርስበት እንስሳት ምን በልተው ያድራሉ?

በኤፕሪል 2025 መጨረሻ አልቪን የተባለችው የምርምር ሰርጓጅ በምሥራቅ ፓስፊክ 2,500 ሜትር ያህል ወርዳ ቲካ ወደሚባል ፍልውሃ ስትደርስ፣ ጥቂት ቀደም ብሎ በትሎች ተሞልቶ የታየው ቦታ በአዲስ ቅልጥ አለት ተሸፍኖ ጠበቃት። እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር አብረውት የሚዞሩ ሦስት አባባሎች አሉ፦ «በፈላ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ እንስሳት»፣ «መርዝ የሚበሉ ትሎች»፣ «ያለ ፀሐይ የሚኖር ዓለም»። ሦስቱም ግማሽ እውነት ናቸው። የሚጎድላቸው እንስሳቱ በትክክል የት እንደቆሙ አለመናገራቸው ነው። ሞቃቱ ውሃ ውስጥ አይደሉም፤ ቀዝቃዛው ውስጥም አይደሉም። የቆሙት ሁለቱ ውሃዎች በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው። ያ ጠርዝ ደግሞ አንዳንድ ቦታ ከአንድ ክንድ አይሰፋም።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፍልውሃው እንዴት ይፈጠራል?

የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም፤ ቀስ እያሉ በሚንቀሳቀሱ ትልልቅ ሰሌዳዎች የተከፋፈለ ነው። ሁለት ሰሌዳዎች በሚራራቁበት የውቅያኖስ ወለል ላይ ከሥር ቅልጥ አለት ይወጣል፤ ይረጋል፤ መልሶ ይሰነጠቃል። በዚያ ስንጥቅ የባሕር ውሃ ወደ ታች ይሰርጋል። ሲገባ 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የነበረው ውሃ እየወረደ ወደ ቅልጡ አለት ሲቃረብ ከ350 ዲግሪ በላይ ይግላል። የጋለ ውሃ ቀላል ነውና መውጫ ፈልጎ ወደ ላይ ይመለሳል።

የሚመለሰው ግን የገባው ዓይነት ውሃ አይደለም። ማግኒዥየሙን ለአለቱ ትቷል፤ ኦክስጅኑን አጥቷል፤ አሲድ ሆኗል። በምትኩ ከአለቱ ብረት፣ መዳብና ዚንክ አሟሙቶ ይዟል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝም ተሸክሟል። ጋዙ ለማናችንም እንግዳ አይደለም፤ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው በእሱ ነው፤ ከሽንት ቤት ጉድጓድ የሚወጣውም፣ ያለ ጥንቃቄ ወደ ጉድጓድ የሚገባ ሠራተኛን ራሱን የሚያስተው ይኸው ጋዝ ነው። ስሙን ያዙት፤ ከዚህ በኋላ ደጋግመን እንመለስበታለን።

የጋለው ውሃ ከወለሉ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ባሕር ሲነካ በውስጡ የሟሟው ብረትና ድኝ ባንድ ጊዜ ይጠጥራል። በፎቶ ላይ ጥቁር ጭስ የሚመስለው ይህ ነው። ጭስ አይደለም፤ የሚቃጠል ነገር የለም፤ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣት ነው። ጭስ ማውጫ የሚመስለውን ቱቦ የሚገነባውም ይኸው የሚጠጥር ማዕድን ነው።

የቱቦው ግድግዳ አሠራር ትንሽ ማየት የሚገባው ነገር አለው። መጀመሪያ የሚቆመው የብረት ግድግዳ አይደለም፤ ካልሲየም ሰልፌት የሚባል የጂፕሰም ዘመድ ነው። ስኳርም ገበታ ጨውም በሙቅ ውሃ የበለጠ ይሟሟሉ። ይህኛው ግን ተቃራኒ ነው፤ ውሃው ሲሞቅ ይጠጥራል፣ ሲቀዘቅዝ ይሟሟል። ስለዚህ የባሕሩ ውሃ ፍልውሃውን በነካበት ቦታ ሁሉ ቀለበት ይሠራል፤ ብረቱና መዳቡ ደግሞ በቀለበቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለሰናሉ። ፍልውሃው የጠፋ ዕለት ይህ ማያያዣ ቀስ በቀስ መሟሟት ይጀምራል፤ ቱቦውም ይላላል። በሰሜን ምሥራቅ ፓስፊክ ጎድዚላ ተብሎ የተሰየመው ቱቦ እንደ 15 ፎቅ ሕንፃ 45 ሜትር ያህል ከቆመ በኋላ በ1990ዎቹ አጋማሽ ተንዷል።

ውሃው 350 ዲግሪ ደርሶ ለምን አይፈላም?

አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናትና ውሃው እንፋሎት እንዳይሆን ከላይ የሚጫነው አየር ያንሳል። ባቄላ ደጋ ላይ ለመብሰል የሚቆየውም በዚህ ምክንያት ነው። ያንኑ ድስት ጅቡቲ ወስዳችሁ ብትጥዱት በ100 ዲግሪ ይፈላል። አሁን መንገዱን ወደ ባሕሩ ውስጥ ቀጥሉት። በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል፤ 2,500 ሜትር ላይ ወደ 250 ይደርሳል። በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ሩብ ቶን ተቀምጧል ማለት ነው። በዚያ ጭነት ሥር ውሃው 350 ዲግሪ ሆኖም እንደ ፈሳሽ ይቆያል።

ይህንን ሳይንቲስቶቹም የተማሩት በኪሳራ ነው። በ1979 ከሜክሲኮ ወደ ምዕራብ ባለው የፓስፊክ ወለል ላይ የአልቪን ጠላቂዎች የመጀመሪያውን ጥቁር ጭስ ሲያገኙ የሙቀት መለኪያውን ወደ አፉ ሰደዱት። ሲመለስ የመለኪያው ፕላስቲክ ዘንግ ቀልጦ ነበር። እንዲህ ያለ ሙቀት ይመጣል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ መሣሪያው ለዚያ አልተሠራም። መለኪያውን አስተካክለው ሲመለሱ ያነበቡት 380 ዲግሪ፣ ከዚያ 30 ከፍ ወይም ዝቅ የሚል ነበር። ያሳሰባቸው ሌላ ነገርም ነበር፦ የአልቪን መስኮቶች አክሪሊክ ናቸው፤ አክሪሊክ ደግሞ ፕላስቲክ ነው።

እንስሳቱስ ግፊቱን እንዴት ቻሉት? ግፊት የሚጎዳው በአየር የተሞላ ክፍተት ያለውን ነው፤ ሳንባን፣ ጆሮን፣ የዓሣን የአየር ከረጢት። የፍልውሃ ትል ከዚህ አንዱም የለውም። ሰውነቱ ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሽ እምብዛም አይጨመቅም፤ ከውስጥና ከውጭ ያለው ግፊት እኩል ነው። ችግሩ የሚመጣው ወደ ላይ ሲያወጡት ነው። ፕሮቲኖቹና የሴሎቹ ሽፋን በግፊት ሥር እንዲሠሩ የተበጁ ናቸውና ብዙዎቹ መርከብ ላይ ሲደርሱ ይደክማሉ፣ ይሞታሉ። በሕይወት ማጥናት የሚፈልግ ሰው ግፊቱን እንደጠበቀ በሚያቆይ የብረት ሳጥን ያመጣቸዋል።

እንስሳቱ በፈላ ውሃ ውስጥ ነው የሚኖሩት?

አይደለም። 350 ዲግሪ ውስጥ የሚኖር ምንም ነገር የለም። እስካሁን ከታወቁት ፍጥረታት ሁሉ ከፍተኛውን ሙቀት ችሎ የተራባው በሕንድ ውቅያኖስ ካይሬይ ከሚባል ፍልውሃ የተገኘ አንድ ረቂቅ ተሕዋስ ነው፤ የቻለውም 122 ዲግሪ ነው። እንስሳ ከዚህ በጣም ዝቅ ይላል።

ቁም ነገሩ ሙቀቱ የሚወርድበት ፍጥነት ነው። ከቱቦው አፍ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ሲሉ በመቶ የሚቆጠር ዲግሪ ይወርዳል፤ አንድ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ባሕሩ እንደ ማቀዝቀዣ ነው። ከዚህም ሌላ ብዙው ሕይወት ያለው ጥቁሩ ጭስ አጠገብ አይደለም። የጋለው ውሃ ገና ከወለሉ በታች ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ፣ ለብ ብሎ በየስንጥቁ በሚንጠባጠብበት ቦታ ነው። ግዙፎቹ ትሎች የቆሙበት ውሃ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ድረስ ይዋዥቃል፤ ገላ ለመታጠብ እንኳ የሚበርድ ነው።

ሙቀት በመቻል የሚወዳደረው የለም የሚባለው የፖምፔ ትል ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የምሥራቅ ፓስፊክ ቱቦዎች ግድግዳ ላይ የራሱን ጎጆ ሠርቶ ይለጠፋል። በ1998 ተመራማሪዎች መለኪያ በጎጆው ውስጥ ሰድደው ጅራቱ ባለበት በአማካይ 68 ዲግሪ፣ ጭንቅላቱ በሚወጣበት 22 ዲግሪ ለኩ። ዜናው «በ80 ዲግሪ የሚኖር ትል» እየተባለ ዓለምን ዞረ። ነገር ግን መለኪያው የነካው ጎጆውን ነው ወይስ ትሉን? በ2013 ትሎቹን ግፊቱን በጠበቀ ገንዳ አውጥተው ሲፈትኗቸው ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ላይ ሞቱ። ስለዚህ አሁንም ከእንስሳት ሁሉ ሙቀት ከሚችሉት ተርታ ነው፤ በ80 ዲግሪ ይኖራል የሚለው ግን መቆም አለበት።

ምግቡ ከየት ይመጣል?

ፀሐይ ከ1,000 ሜትር በታች አትደርስም። በተራ ጥልቅ ባሕር ያሉ እንስሳት የሚኖሩት ከላይ በሚረግፍ ፍርፋሪ ነው፤ የሞተ ፕላንክተን፣ ዐይነ ምድር፣ አልፎ አልፎ የዓሣ ነባሪ ሬሳ። አብዛኛው ገና በመንገድ ላይ ተበልቶ ያልቃል። ለዚህ ነው ጥልቁ ወለል በአብዛኛው እንደ በረሃ የተራቆተው።

በ1977 መጀመሪያ ላይ በጋላፓጎስ አቅራቢያ ፍልውሃ ሊፈልጉ የወረዱት ሰዎችም የጠበቁት ይህንን ነበር። የጂኦሎጂና የኬሚስትሪ ሰዎች ናቸው፤ መርከቧ ላይ አንድም የሥነ ሕይወት ባለሙያ አልነበረም። ምን ይሠራል ተብሎ ይምጣ? 2,500 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ያገኙት ግን በነጭ ዛጎልና በትላልቅ ትሎች የተሞላ መንደር ሆነ። እንስሳቱን የሚያቆዩበት ፎርማሊን እንኳ በቂ ስላልነበራቸው ከፊሉን ከፓናማ በገዙት የሩሲያ ቮድካ ነከሩት። የውሃውን ናሙና መርከቧ ላይ ሲከፍቱት ክፍሉን የተበላሸ እንቁላል ሽታ ሞላው። መልሱ ከሽታው ውስጥ ነበር።

ቅጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ስኳር የሚለውጠው በብርሃን ጉልበት ነው፤ ይህ በትምህርት ቤት ብርሃን አስተጻምሮ የተባለው ነው። በፍልውሃው ዳር ያሉ ባክቴሪያዎች ያንኑ ስኳር ይሠራሉ፤ ጉልበቱን የሚያገኙት ግን ሃይድሮጅን ሰልፋይድን ከኦክስጅን ጋር በማዋሃድ ነው። ይህ ኬሞሲንተሲስ ይባላል። ልዩነቱን በምጣድ ማሰብ ይቻላል፦ እንጀራው አንድ ነው፣ ሊጡም አንድ ነው፤ አንዱ በእንጨት ይጋገራል፣ ሌላው በኤሌክትሪክ። የተለወጠው ማገዶው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ «መርዝ የሚበሉ ትሎች» የሚለው አባባል ይስተካከላል። ሰልፋይዱን የሚጠቀመው ትሉ አይደለም፤ ባክቴሪያው ነው። ለትሉ ሰልፋይድ እንደ እኛው መርዝ ነው። ደግሞም ለባክቴሪያው ሁለቱም ያስፈልጉታል፦ ሰልፋይዱ ከሞቃቱ ውሃ፣ ኦክስጅኑ ከቀዝቃዛው። ሞቃቱ ውሃ ውስጥ ኦክስጅን የለም፤ ቀዝቃዛው ውስጥ ሰልፋይድ የለም። ሁለቱን ደባልቆ ማስቀመጥም አይቻልም፤ ባንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ከዚህ በኋላ የምናያቸው እንስሳት ሁሉ ይህን አንድ ችግር የሚፈቱ ናቸው፤ አካላቸው እንግዳ የሆነው ለዚህ ነው።

አፍ የሌለው ትል እንዴት ይበላል?

ሪፍቲያ የሚባለው ግዙፍ ትል ነጭ ጠንካራ ቱቦ ውስጥ ይኖራል። ርዝመቱ 2 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ውፍረቱ ከእጅ አንጓ አይበልጥም። ከቱቦው አናት ላይ እንደ ላባ የሚወዛወዝ ደማቅ ቀይ ነገር ይወጣል። ቅላቱ የደሙ ነው፤ ላባው በጣም ስስ ስለሆነ ደሙ ከውጭ ይታያል። አንድ ነገር ሲነካው ወይም ሸርጣን ሲቆነጥረው ላባውን ወዲያው ወደ ቱቦው ይሰበስባል። አፍ የለውም። ሆድም አንጀትም የለውም።

በ1980 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የስሚዝሶንያን ሙዚየሙ ሜሬዲዝ ጆንስ ስለዚህ ትል ገለጻ ሲያደርግ በሥጋው ውስጥ የድኝ ክሪስታል እንዳየ በመሃል ጠቀስ አደረገ። ገና ተማሪ የነበረችው ኮሊን ካቫኖ ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ እንግዲያው ትሉ ውስጡ ድኝ የሚጠቀሙ ባክቴሪያዎች ይዟል አለች። ናሙና ወስዳ አየች፤ ጥናቱ በ1981 ታተመ፤ ልክ ነበረች። የትሉን ሰውነት አብዛኛውን ክፍል የሞላው እንደ ስፖንጅ ያለ ጠቆር ያለ ሥጋ በአንድ ግራም ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ባክቴሪያ ይይዛል።

ትሉን እንደ ከብት አርቢ ማየት ይቀላል። አርቢው ሣር አይበላም፤ ላሟን ሣር ካለበት ያደርሳታል፣ ከዚያ ወተቷን ይጠጣል፤ ሲያስፈልግም ያርዳል። ትሉም ለባክቴሪያዎቹ ሰልፋይድ፣ ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያቀርባል፤ እነሱ ከሚሠሩት ስኳር ይካፈላል፤ ያረጁትን ደግሞ ይፈጫቸዋል።

ማቅረቡ ነው ከባዱ። የእኛ ደም ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ ባለው ብረት ነው፤ ሰልፋይድ ወደ ሰውነታችን ሲገባ ሴሎቻችን ኦክስጅን የሚጠቀሙበትን ማሽን ይዘጋዋል፤ ሲያናይድ እንደሚያደርገው ማለት ነው። የሪፍቲያ ሄሞግሎቢን ግን ከእኛው በብዙ እጥፍ የሚገዝፍ፣ ከ144 ቁርጥራጮች የተገጣጠመ ነው፤ ለኦክስጅንና ለሰልፋይድ የተለያየ መያዣ አለው። በግራና በቀኝ እንደተጫነች አህያ ሁለቱን ባንድ ጉዞ ይወስዳል፤ ጭነቶቹ አይነካኩም። ሰልፋይዱ በጥብቅ ስለተያዘ የትሉን ሴሎች ሳይመርዝ ባክቴሪያዎቹ ዘንድ ይደርሳል።

ባክቴሪያዎቹ ከእናት አይወረሱም። እጩ፣ ማለት ከእንቁላል የወጣው ገና ያላደገ ትል፣ ወደ ፍልውሃው የሚደርሰው ባዶውን ነው፤ በ2006 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ባክቴሪያዎቹ ከአካባቢው ውሃ በቆዳው በኩል ዘልቀው ይገባሉ። እነሱ ከሰፈሩ በኋላ ትንሹ ትል የነበረው የምግብ ቧንቧ እየከሰመ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም፤ ፍልውሃው ከደከመ ትሉ ይራባል።

ሌሎቹስ ጠርዙ ላይ እንዴት ይቆማሉ?

ትልቁ ነጭ ዛጎል ለበስ፣ እስከ 26 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው፣ በሁለት ቦታ ይጠጣል። ሥጋ ያለውን እግሩን ለብ ያለ ውሃ በሚወጣበት ስንጥቅ ውስጥ ይሰካል፤ ሰልፋይዱን በእግሩ ይወስዳል። ኦክስጅኑን ደግሞ ከላይ በስንጥቡ፣ ማለት በውሃ መተንፈሻው፣ ከቀዝቃዛው ውሃ ይስባል። ባክቴሪያዎቹ ያሉት ስንጥቡ ውስጥ ነው፤ ከሪፍቲያ በተለየ በእንቁላሉ በኩል ለልጆቹ ያወርሳቸዋል። በየአለቱ ላይ የሚለጠፉት ቡናማ ዛጎሎች ደግሞ ባክቴሪያም ይዘው ሆዳቸውንም አልተዉም፤ ፍልውሃው ሲደክም ውሃ እያጣሩ ከትሎቹ የበለጠ ይቆያሉ።

በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ባሉ ፍልውሃዎች ሪፍቲያ የለም። ቦታውን የያዘው ሪሚካሪስ የሚባል ሽሪምፕ ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ2,000 በላይ ሆነው ግድግዳውን እንደ ንብ መንጋ ይሸፍኑታል። ባክቴሪያውን በሰፋው የጭንቅላቱ ክፍል ውስጥ ያረባል። የእሱ መፍትሔ መንቀሳቀስ ነው፦ ሰልፋይድ ካለበት ይገባል፣ ኦክስጅን ካለበት ይወጣል፣ ቀኑን ሙሉ ይገፋፋል። አደጋው ግልጽ ነው፤ አንድ ስህተት ቢሠራ ይቀቀላል። ተራ ዐይን የለውም፤ በጀርባው ላይ ግን ብርሃን የሚቀበል ሰፊ ክፍል አለው። ምስል አያይበትም። የጋለው ውሃ እንደ ጋለ ብረት የሚያመነጨውን፣ ለእኛ የማይታየንን ደካማ ፍካት ያውቅበታል ተብሎ ይታሰባል። የሰርጓጆች መብራት ይህን ስስ ዐይን እንደሚጎዳው በኋላ ታውቋል፤ ሊያዩት የወረዱ ሰዎች ያሳወሩት እንስሳ ነው።

በደቡባዊው ውቅያኖስ በ2010 የተገኘው ፀጉራም ነጭ ሸርጣን በደረቱ ፀጉር ላይ ባክቴሪያ ያበቅልና በአፉ አበጥሮ ይበላዋል። በዙሪያው ያለው ባሕር 0 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጥቂት ፈቀቅ ካለ ይደነዝዛል፤ ጥቂት ከቀረበ ይቃጠላል። በመቶዎች እየተደራረቡ የሚቆሙት ለዚህ ነው። ኮስታሪካ አጠገብ ያለው ዘመዱ ደግሞ ጥፍሮቹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዛል፤ ጭፈራ ቢመስልም ለባክቴሪያው አዲስ ውሃ እያራገበ ነው።

ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀው የሕንድ ውቅያኖሱ ቀንድ አውጣ ነው። በ2001 ካይሬይ ላይ ተገኘ። እግሩ እንደ ጥሩር በተደራረቡ ቅርፊቶች ተሸፍኗል፤ ቅርፊቶቹ ብረትና ድኝ የተዋሃዱባቸው ናቸው፤ ማግኔት ይስባቸዋል። አጽሙን በብረት ያጠናከረ ሌላ እንስሳ አይታወቅም። ሶሊቴር በሚባለው ሌላ ፍልውሃ ያለው ወገኑ ግን ነጭ ነው፤ ብረት የለበትም፤ የዚያ ቦታ ውሃ ብረቱ ጥቂት ነውና። ባክቴሪያውን በጉሮሮው ጎን ባበጠ እጢ ውስጥ ይይዛል። ልቡ ለሰውነቱ በጣም ትልቅ ነው፤ ያንን ሁሉ ባክቴሪያ ኦክስጅን ማድረስ ያለበት ልቡ ነው።

እና ያለ ፀሐይ ነው የሚኖሩት?

ግማሹ ብቻ። ባክቴሪያው ሰልፋይዱን ለማቃጠል የሚጠቀመው ኦክስጅን የመጣው ከላይ ካሉ አልጌዎችና ከምድር ዕፅዋት ነው፤ ያንን የሠራችው ፀሐይ ናት። ፀሐይ ብትጠፋ ጥልቁ ባሕር ወዲያው ባያውቀውም ኦክስጅኑ እያለቀ ሲሄድ ትሎቹ፣ ሽሪምፖቹና ቀንድ አውጣዎቹ ሁሉ ያልቃሉ። በእርግጥ ከፀሐይ ነፃ የሆኑት ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን አዋሕደው ሚቴን የሚሠሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። በሌሎች ፕላኔቶች ሕይወት የሚፈልጉ ሰዎች ዐይናቸውን የጣሉት በእነዚህ ላይ እንጂ በትሎቹ ላይ አይደለም።

ፍልውሃው ሲጠፋ ምን ይሆናሉ?

ይሞታሉ። ጥያቄው ሌላ ቦታ ቀድመው ዘር ልከዋል ወይ የሚለው ነው። በምሥራቅ ፓስፊክ አንድ ፍልውሃ ከጥቂት ዓመታት እስከ አሥርተ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ ስንጥቁ ይደፈናል ወይም ቅልጥ አለት ይደርስበታል። ቲካ ያለችበት ሰፈር ከ2025 በፊትም በ1991ና በ2005 እና 2006 መካከል ተቃጥሏል። የ1991ዱ የማገገሚያ ጊዜ በዐይን የታየ የመጀመሪያው ነው። መጀመሪያ ወለሉን ነጭ የባክቴሪያ ምንጣፍ ሸፈነው። በዓመቱ ቴቭኒያ የሚባል ትንሽ ትል ሰፈረ። ከዚያ 2 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ሪፍቲያዎቹ 1.5 ሜትር ደርሰው ቴቭኒያን ሸፈኑት። በዓመት ከ85 ሴንቲ ሜትር በላይ ማደግ ማለት ነው፤ ከባሕር አከርካሪ የለሾች ውስጥ ይህን ያህል የሚፈጥን ጥቂት ነው።

የሪፍቲያ እጭ በመንገድ ላይ ምንም አይበላም፤ ከእንቁላሉ በተሰጠው ስንቅ 38 ቀን ያህል ይቆያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የታችኛው ጅረት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሊወስደው ይችላል። ከዚያ በፊት ሌላ ፍልውሃ ካላገኘ አበቃለት። በ2024 የታተመ ጥናት ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር አከለ፦ በዚሁ የምሥራቅ ፓስፊክ አካባቢ ተመራማሪዎች የረጋውን የቅልጥ አለት ንጣፍ በሮቦት ክንድ ገልብጠው ሲያዩ፣ ከሥሩ ባሉ ለብ ያሉ ዋሻዎች ውስጥ ያደጉ ሪፍቲያዎችና ሌሎች እንስሳት አገኙ። እጮቹ በውሃው ላይ ብቻ ሳይሆን በወለሉ ሥርም ይጓዛሉ ማለት ሊሆን ይችላል።

ከአፋርና ከቀይ ባሕር ጋር ይገናኛል?

በአለቱ በኩል አዎ፤ በእንስሳቱ በኩል እምብዛም። የውቅያኖስ ወለል የሚለያይበት መስመር ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ይገባና አፋር ላይ ከቀይ ባሕርና ከስምጥ ሸለቆው ጋር ይጋጠማል። በ2005 ዳባሁ እሳተ ገሞራ አጠገብ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የረዘመው ስንጥቅ፣ ሌላ ቦታ 2,500 ሜትር ውሃ ሥር የሚሆነው ነገር በደረቅ መሬት ላይ ሲሆን የታየበት ነው።

ዳሎል ግን የባሕር ፍልውሃ አይደለም። ውሃው አሲድ ብቻ ሳይሆን በማግኒዥየምና በካልሲየም ጨው የተሞላ ነው፤ በ2019 የታተመ ጥናት ከእነዚህ ኩሬዎች በአንዳንዶቹ ረቂቅ ተሕዋስ እንኳ አላገኘም። ሙቀት፣ ድኝና ውሃ መኖሩ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። በቀይ ባሕር መካከል በ2023 የተገለጹት የሃቲባ ፍልውሃዎች ደግሞ ከጥቁር ጭስ ይልቅ በባክቴሪያ የተሸፈኑ የዛገ ብረት ቁልሎች ናቸው፤ ሪፍቲያም የሽሪምፕ መንጋም የለም። ቀይ ባሕር ከውጭው ውቅያኖስ ጋር የሚገናኝበት የባብ ኤል መንደብ ደጃፍ ጥልቀቱ ከ140 ሜትር አይበልጥም፤ ጥልቅና ቀዝቃዛ ውሃ ለለመደ እጭ ይህ ከባድ ኬላ ነው።

ማዕድን ማውጣት የሚባለው ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ስለ ጥልቅ ባሕር ማዕድን ሲነገር ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። አንደኛው በጠፍጣፋው ጥልቅ ወለል ላይ እንደ ድንች ተበትኖ የሚገኘው ኒኬልና ኮባልት ያለበት ድብልብል ነው፤ እሱ ከፍልውሃ ጋር አይገናኝም፤ የሰሞኑ ክርክር አብዛኛው ስለ እሱ ነው። ሁለተኛው የፍልውሃ ቱቦዎች የተሠሩበት መዳብ፣ ዚንክ፣ ወርቅና ብር ያለበት ክምር ነው። ለዚህ ኪንግስተን፣ ጃማይካ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የባሕር ወለል ባለሥልጣን ከቻይና፣ ከሕንድ፣ ከፈረንሳይና ከሌሎችም ጋር የፍለጋ ውል ፈርሟል። ፍለጋ እንጂ ማውጣት አይደለም። በፓፑዋ ኒው ጊኒ 1,600 ሜትር ላይ ያለውን ሶልዋራ 1 ለመቆፈር የተነሣው ኩባንያ ማሽኖቹን አሠርቶ ሥራውን ሳይጀምር በ2019 ከሰረ።

ደጋፊዎች እኛ የምንነካው የጠፉትን ቱቦዎች ብቻ ነው ይላሉ። በጽንሰ ሐሳብ ይቻላል። በተግባር ግን የጠፋው ቱቦ ከሚሠራው ጥቂት አሥር ሜትር ርቆ ብዙ ጊዜ ከሥር በአንድ ቧንቧ የተገናኘ ነው፤ ቁፋሮው የሚያስነሣው ብናኝም ወሰን አይጠብቅም። የጠርዝ ነዋሪ ደግሞ ውሃው ትንሽ አቅጣጫ ቢቀይር የሚሄድበት የለውም።

በ2019 ብረት ለባሹ ቀንድ አውጣ በጥልቅ ባሕር ቁፋሮ ስጋት ምክንያት ለመጥፋት አደጋ በተጋለጡ ዝርያዎች ቀይ መዝገብ ላይ የሰፈረ የመጀመሪያው እንስሳ ሆነ፤ በወቅቱ ከሚታወቁት 3 መኖሪያዎቹ 2ቱ የፍለጋ ውል የተፈረመባቸው ነበሩ። በ2021 ምርመራው ወደ 184 የፍልውሃ ቀንድ አውጣና ዛጎል ለበስ ዝርያዎች ሰፋ፤ 62 በመቶዎቹ በስጋት መደብ ውስጥ ገቡ። ስጋት የለባቸውም ከተባሉት መካከል 25ቱ የሚኖሩት ቁፋሮ በሕግ በተከለከለባቸው ፍልውሃዎች ብቻ ነው።